ድሬዳዋ ላይ 4090፦ ያዋጣል ወይስ ገንዘብ ማቃጠል ነው?

የመክፈቻ ጥያቄ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ ምላሾች፣ ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው የድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው። ዱባይ የሚሠራ የአክስቱ ልጅ በቅርቡ ለእረፍት ይመጣል። ሲመጣ ያገለገለ አርቲኤክስ 4090፣ የጌሙን ምስል የሚሠራውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ፣ ሊይዝለት ተስማምተዋል። ግን ልቡ ሁለት ሆኗል። ያገለገለውን 4090 ይውሰድ? አዲስ 5080 ይሻለው ይሆን? ወይስ ጥርሱን ነክሶ 5090 ይግዛ? ለሥራ አይደለም፣ ለጌም ብቻ ነው ብሏል።

ቁጥሮቹን አሳምሮ ደርድሯል። 4090 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በ1,599 ዶላር ወጣ። 24 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ 450 ዋት ይበላል። 5080 በጃንዋሪ 2025 በ999 ዶላር መጣ፤ 16 ጊጋባይት፣ 360 ዋት። 5090 በዚያው ወር በ1,999 ዶላር፤ 32 ጊጋባይት፣ 575 ዋት። ይህ ሁሉ የፋብሪካው መነሻ ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ አገኘሁ የሚል ካለ ይምጣና መንገዱን ያሳየን። ወደ ብር ሲመታ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በቀናት ውስጥ 100ን ማለፉን ማንም አልረሳውም።

ሁለት ነገር ግን አልጻፈም። ሞኒተሩ ምን እንደሆነና ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳለ። ክሩ የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው።

ምላሽ 1

መብሩክ ብሎ ጀመረ። 4090 እያለ ሌላ ካርድ ማሰብ ኃጢአት ነው አለና ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

ምላሽ 2

ይኼኛው ጊዜ ወስዶ ነው የጻፈው። 5080 አዲስ ቢሆንም በጥሬ ጉልበት በአብዛኛው ጌም 4090ን አይደርስበትም፣ በተለይ 4ኬ ጥራት ባለው ስክሪን ላይ። የ5080 ብልጫ ዲኤልኤስኤስ 4 በሚባለው የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ላይ የመጣው ባለ ብዙ ፍሬም ፈጠራ ነው፤ ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ ተከታትለው ከሚመጡት ምስሎች አንዱ ነው። ካርዱ በትክክል ከሠራው አንድ ፍሬም በኋላ እስከ ሦስት የሚደርሱ የተገመቱ ፍሬሞችን ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ቅቤ ነው። እጅ ላይ ግን ሌላ ነው። ጌሙ በራሱ በሴኮንድ 25 ፍሬም ብቻ ከሠራ፣ ቁጥሩ 100 ቢልም ማውሱ የሚሰማው ያው ከባድ ሆኖ ነው። መነሻው 60 አካባቢ ሲሆን ነው ነገሩ የሚጥመው። በጨዋ ቋንቋ፣ በምስጋና ዘጋው።

ምላሽ 3

በ2ኛው ተስማማ፣ ግን ዋስትናን አነሳ። ያገለገለ ካርድ ሁለት ወር ሠርቶ ቢሞት ማን ይጠየቃል? አዲሱም ቢሆን ሻጩ ዱባይ ከሆነ ካርዱ በሻንጣ ተመልሶ ሊሄድ ነው። የአክስት ልጅ ደግሞ በየወሩ አይመጣም።

ምላሽ 4

አንድ መስመር ብቻ። ሞኒተርህ ምንድን ነው? ፓወር ሰፕላይህስ?

ምላሽ 5

ጠያቂው ራሱ መለሰ። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ 1080ፒ (ከ4ኬ በጣም ያነሰ ጥራት)፣ 60 ኸርዝ። ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ7። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) 500 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ስም የሌለው። አሁን ያለው ካርድ ጂቲኤክስ 1060፣ 6 ጊጋባይት። ሁሉንም በኩራት ነው የጻፈው።

ምላሽ 6 እና 7

6ኛው ሳቅ ብቻ ለጠፈ። 7ኛው ግን ተናደደ፤ ለምን እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። ይህ ጌም ለመጫወት ሳይሆን በመስታወት ኬዝ አስቀምጦ ለጓደኛ ለማሳየት ነው አለ። አገር በዶላር እጥረት ሲያለቅስ እያለም ጨመረበት። እዚህ ላይ ቃናው ተበላሸ።

ምላሽ 8

የ7ኛውን አፍ ገሠጸ፤ ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ይግዛ አለ። ፍሬ ነገሩን ግን አልሸሸም። 60 ኸርዝ ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው ምስል የሚቀይረው። ካርዱ 200 ፍሬም ቢያወጣ ዓይን የሚደርሰው ያው 60 ነው። በ1080ፒ ደግሞ ሸክሙ ከካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩ ላይ ያርፋል። የ4ኛ ትውልድ አይ7 ከ4090 ጋር ሲጣመር ካርዱ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ ሳይጠቀም ፕሮሰሰሩን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማዘርቦርዱ ካርዱ የሚሰካበት መስመር የድሮው ፒሲአይ 3.0 መሆኑ አያስፈራም፣ እሱ የሚያጎድለው ትንሽ ነው። ይልቅ ያ ፕሮሰሰር ለዊንዶውስ 11 ከሚፈቀዱት ውስጥ የለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14፣ 2025 ቆሟል።

ለእኔ እስከዚህ ድረስ የተሻለው መልስ ይኼ ነው። 7ኛው የተናገረው ሐሳብ ውስጥም እውነት ነበረበት፤ ያበላሸው አነጋገሩ ነው።

ምላሽ 9

ሳነብ የቆየሁት እዚህ ጋ ነው። የጻፈው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ስለ ፍሬም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ስለ ሙቀት ብቻ ነው የጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካርዱ ማቀዝቀዣ የሚጠቀመው የክፍሉን አየር ነው። ስለዚህ ካርዱ ሁልጊዜ ከክፍሉ ሙቀት በላይ በዚህን ያህል ዲግሪ ይሞቃል እንጂ፣ በራሱ የቆመ ሙቀት የለውም። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ሙከራዎች 22 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል የተሠሩ ናቸው። እዚያ 66 ዲግሪ ያሳየ ካርድ ከክፍሉ በ44 ይበልጣል። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል 36 ቢሆን፣ ያው ካርድ 80 ገባ ማለት ነው። ኤንቪዲያ ለ4090 ያስቀመጠው ጣሪያ 90 ነው። አይቃጠልም። ግን ፋኑ እስከ ጥግ ይጮኻል፣ ከዚያም ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የተከፈለበት ጉልበት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ካርዱ የሚበላው ዋት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። 5090 ከፍተህ ሦስት ሰዓት ስትጫወት ከጎንህ 575 ዋት ምድጃ ለኩሰህ ተቀምጠሃል ማለት ነው። አቦ በድሬ ሙቀት! ቬንቲሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያዞረው።

ከዚያ አንድ የገጠመውን ነገረን። ከደቻቱ ዳር የመጣ ኮምፒውተር ነው። ጌም ሲከፈት ይጠፋል፤ ባለቤቱ ካርዱ ሞቷል ብሎ ሌላ ሊገዛ ተዘጋጅቷል። ጠጋኙ ካርዱን ፈታው። በቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ፊኖች መካከል አቧራው ከእጣንና ከሲጋራ ጭስ ጋር ተጋግሮ ብርሃን አያሳልፍም። በርጫ የሚያዝበት ክፍል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በቀለም ብሩሽና በአልኮል አጸዳው፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ፔስት ቀየረ፣ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ ወረደ። አንድ ምክርም ጣል አደረገ። በብሎወር ስታጸዱ የፋኑን ምላስ በጣታችሁ ያዙት። እንዲሁ በነፋሱ እንዲሽከረከር ከተለቀቀ ከልኩ በላይ እየፈጠነ መሽከርከሪያው ይጎዳል።

ምላሽ 10

9ኛውን አመስግኖ መብራትን አነሳ። 4090 ላለው ኮምፒውተር ኤንቪዲያ የሚመክረው 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ለ5090 ደግሞ 1,000። ስም የሌለው 500 ዋት ለእነዚህ ካርዶች አይታሰብም። ካርዶቹ ለቅጽበት ከተጻፈላቸው ዋት በላይ ይስባሉ፤ ከ2022 ወዲህ የመጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ያንን እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው። ለካርዱ ኃይል የሚያደርሰው ባለ 16 ፒኑ ገመድም ጉዳይ አለው። 4090 በወጣ በሳምንታት ውስጥ ነው የቀለጡ ማገናኛዎች ፎቶ መሰራጨት የጀመረው። ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ሳይገፉ የተሰኩ ነበሩ። ቀጥሎ የመጣው ማገናኛ በደንብ ካልገባ ኃይል እንዳያሳልፍ ተስተካክሏል፤ ያገለገለ 4090 ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጠቅ እስኪል ግፉት፣ ገመዱን ከሥሩ አትጠፉት፣ ሌላ ምክር የለውም።

ዩፒኤስ አለኝ ብላችሁም አትኩራሩ ብሏል። በየሱቁ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ በዋት ሲታይ 400 እንኳ አይሞላም። 4090 ብቻውን 450 ነው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጢጥ ብሎ አብሮ ይጠፋል። የእሱ ልማድ ይኼ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ተመልሶ ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ ይሰካል። ካርድ የሚገድለው መብራቱ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው ይላል።

ምላሽ 11 እስከ 15

እዚህ ጋ መንገድ ሳትን። 11ኛው ሙቀቱን ከሆነ የፈራችሁት ባለ ውሃ ማቀዝቀዣ ካርድ ይግዛ አለ። 12ኛው የሐረር ልጅ ነው፤ ውሃ ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን ይዘህ ወደ እኛ ውጣ፣ ጀጎል በር ላይ እንቀበልሃለን አለ። እስከዚህ ሳቅ ነበር። 13ኛው የድሬ ሰው ግን ነካ አደረጋቸው። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃችሁ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ተገፍቶ ነው የሚወጣላችሁ፣ ስለ ውሃ እናንተ አታውሩ አለ። 12ኛው ተመልሶ ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መያዝ መጀመሩን አስታወሰ፤ ስለ ድሬ ትንኝም አንድ ሁለት ነገር አለ። ምላሽ 14 ይኼ ነበር።

15ኛው አወያዩ ነው። ውሃውን ለውሃ መሥሪያ ቤት ተዉና ወደ ካርዱ ተመለሱ አለ።

ምላሽ 16

ጸጥ ብሎ ሲያነብ የቆየ ሰው መጥቶ ቀልዱን ቁምነገር አደረገው። ሐረር ከድሬዳዋ በ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በሺህ ሜትር ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል ካልን ቢያንስ 4 ዲግሪ ገደማ ትርፍ አለ። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ትርፉ ትንሽ ይሸራረፋል። የውሃ ማቀዝቀዣም ቢሆን ውሃው ተዘግቶ የሚዞር ነው፤ አይሞላም፣ አይቀዳም። እሱም ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። የውሃ ጠቡም በከንቱ ነበር ማለት ነው።

ምላሽ 17

ሳቢያን ሰፈር ጌም ቤት ያላት እህት ናት። ልጆቹ ኳስ ጌም ለመጫወት ነው የሚመጡት። ጨረር፣ ነጸብራቅ፣ ጥላ የሚባለውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ኮምፒውተሮቿ ላይ ያለው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ነው፤ 170 ዋት ነው የሚበላው፣ ከሰዓት በኋላም በሩን ከፍታ ታሠራዋለች። አንድ ጊዜ ከባድ ካርድ ሞክራ ነበር። ክፍሉ ሲግል ደንበኛ ሸሽቶ ውጭ ጥላ ሥር መቀመጥ ጀመረ፤ ካርዱን ሸጠችው። ጠያቂውን ወንድሜ እያለች ነው ያናገረችው፣ ክሩ ላይ ከሁሉም የተሻለ ጨዋነት የእሷ ነው።

ምላሽ 18

ይኼ የእኔ ነው። ያልኩት፣ ካርድ ለድሬዳዋ ሲመዘን በፍሬም ብቻ አይመዘንም፣ በአንድ ዋት ስንት ፍሬም ይሰጣል በሚለው ነው። 4090 በዚህ ሚዛን እንደሚወራው መጥፎ አይደለም። የኃይል ገደቡን ወደ 70 በመቶ ብታወርደው ወደ 315 ዋት ይመጣል፤ የሚቀንሰው ፍጥነት በአብዛኛው ጌም ከ10 በመቶ በታች ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ላይ አንዲት መስመር ወደ ግራ መጎተት ነው። 135 ዋት ሙቀት ከክፍልህ ወጣ ማለት ነው።

ለዚህ ልጅ ግን 4090 አልመከርኩም። መጀመሪያ ሞኒተር፤ 27 ኢንች 1440ፒ (በ1080ፒና በ4ኬ መካከል ያለ ጥራት)፣ 144 ኸርዝ ወይ ከዚያ በላይ። ቀጥሎ ፕሮሰሰር ከነማዘርቦርዱና ራሙ፣ ስም ያለው ፓወር ሰፕላይ። ካርዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለ1440ፒ ከኤኤምዲ 9070 ኤክስቲ አለ፤ በማርች 2025 በ599 ዶላር የወጣ፣ 16 ጊጋባይት፣ 304 ዋት። ከኤንቪዲያ 5070 ቲአይ፤ መነሻው 749 ዶላር፣ 16 ጊጋባይት፣ 300 ዋት። ሁለቱም በድሬ ክፍል ውስጥ አብረው የሚኖሩ ካርዶች ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ምላሽ 19 እና 20

19ኛው ስለ ያገለገለ ካርድ አስጠነቀቀ። ኤተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ቀን ከሌሊት ሲቆፈርበት የኖረ 4090 ነው የሚሸጡላችሁ አለ። 20ኛው ወዲያው አረመው፣ ትንሽ በንቀትም። ኤተሪየም በካርድ መቆፈር የቆመው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 15፣ 2022 ነው። 4090 የወጣው ከዚያ በኋላ ባለው ወር ነው። ሥጋቱ ከ4090 በፊት ለነበሩት ለ30ዎቹ ካርዶች ይሠራል እንጂ ለዚህ አይሆንም። ይልቅ ዋናው ቺፕና ሚሞሪው ተነቅሎ ባዶ ቅርፊቱ የሚሸጥ 4090 መኖሩ ተደጋግሞ ተዘግቧል፤ እሱን ፍራ አለው። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። መድኃኒቱ ካርዱ ሳይሠራ አለመክፈል ነው። ሻጩ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፣ የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም ይከፈት፣ 24 ጊጋባይት ማለቱ ይታይ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ይሂድበት። ማገናኛው ላይ የጠቆረ ፕላስቲክ ካለ ገንዘቡን ይዞ መውጣት ነው።

19ኛው አመሰግናለሁ ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም።

ምላሽ 21 እና 22

አንዱ ካርዱ ፒንግ (ከጌሙ ሰርቨር ጋር የመመላለሻ ጊዜ) ይቀንስልኝ ይሆን ብሎ ጠየቀ። አይቀንስም። 22ኛው አብራራለት፤ አገራችን ከውጭ ጋር ከምትገናኝባቸው የባሕር ገመዶች ብዙዎቹ ጂቡቲ ላይ ነው የሚያርፉት፣ እኛ ደግሞ ጎረቤት ነን። ግን መቅረባችን ብዙ አይጠቅምም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሴኮንድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከጂቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰረዝ እንኳ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ተኩል አይዘልም፣ በደርሶ መልስ ሦስት። ሰርቨሩ ያለው ከዚያ ብዙ ርቆ ነው።

ምላሽ 23

የሠርግ ቪዲዮ የምትሠራ ልጅ ናት። በጌም ብቻ አትፍረዱበት አለች። ለሚሠራበት ሰው 24 ጊጋባይት ሚሞሪ ሌላ ዓለም ነው፤ 4ኬ ቪዲዮ ከብዙ ኤፌክት ጋር ሲሠራ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ትልቅ ሞዴል ሲከፈት፣ 16 ጊጋባይት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እሷ 4090ዋን ሌሊት ነው የምታሠራው፣ ቀን አታስነሳውም። ልክ ናት። ጠያቂው ግን ለጌም ብቻ ብሎ ነው የጀመረው።

ምላሽ 24

7ኛው ተመልሶ መጣ፤ አልበረደለትም። ይህን ሁሉ ሰው ያደከምከው 1080ፒ ሞኒተር ይዘህ ነው አለ። አወያዩ ጽሑፉን ቆረጠው፣ የቀረችው ይቺው ናት።

ምላሽ 25

ጠያቂው። ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ግን አልተጣላም። ለአክስቱ ልጅ ደውሎ 4090ውን አስቀርቷል። በምትኩ 5070 ቲአይ እና ፓወር ሰፕላይ ያመጣለታል፤ ሞኒተሩን እዚሁ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩን ደግሞ ከደመወዝ ወዲያ። የኬዙ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳለው ለክቶ እንዲልክም 9ኛው ነግሮት ነበር፤ 4090 በኤንቪዲያ በራሱ ሞዴል 30 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው፣ የእሱ ኬዝ 29 ሆኖ ተገኘ። ሊገባለት እንኳ አይችልም ነበር።

ምላሽ 26 እና 27

26ኛው አሮጌውን 1060 ትሸጠዋለህ ወይ አለ። 27ኛው ከፊቱ ቀድሞ ለእህቴ ልጅ እፈልገዋለሁ፣ ቁርጥ ዋጋ ንገረኝ አለ። ጠያቂው ለሁለቱም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ብሏቸዋል። አወያዩም ሽያጭ በሌላ ክፍል ነው ብሎ ክሩን ዘጋው።